ዘር፣ አፈርና ኃላፊነት

በቋንቋችን «ዘር» የምንለው ቃል ሸክሙ ከባድ ነው። ገበሬው በክረምት መግቢያ ከመሬት ላይ የሚበትነው ፍሬ ዘር ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው መልክና ጠባይ ዘር ነው፤ ለጋብቻ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በጓዳ በሹክሹክታ የሚጠየቀውም ዘር ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረታችን፣ ሰው ምንም ቢገራ መመለሻው የመጣበት አጥንት ነው የሚል ፍርድ ይዟል። ሳይንስ «ጂን» ወይም «ዘረ-መል» የሚለውን ቃል ሲያመጣ እኛ በዚሁ በአሮጌው ሸክም ላይ ጫንነው። ስለዚህም አንድ በሽታ «ጂናዊ መነሻ አለው» በተባለ ቁጥር ጆሯችን የሚሰማው አዲሱን ግኝት ሳይሆን አሮጌውን ፍርድ ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ የሞራል ጥያቄ ለመመርመር ይሞክራል። አንድ ሰው ለበሽታ የተጋለጠ መሆኑ በደሙ ውስጥ በሚገኝ ሞለኪውላዊ ምልክት ሲታወቅ፣ የኅብረተሰቡ ኃላፊነት ይቀንሳልን? ወይስ ይጨምራል? ጥያቄውን ከአየር ላይ አናነሣውም። ከሁለት ሥፍራዎች እናነሣዋለን፤ አንደኛው የአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ሲሆን ሁለተኛው ዛሬ በስደት የምንኖርባቸውና የምንማርባቸው መንትያ ከተሞች፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአገራችን በተለምዶ «ዝሆኔ» የሚባል በሽታ አለ። አንዱ ዓይነት ትንኝ ከምታስተላልፈው ትል የሚመጣ የቆላ በሽታ ነው። በደጋው ያለው ግን ሌላ ነው። የሕክምና ሰዎች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ይህ በሽታ ተዋሲ የለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለዓመታት የሚውል ሰው፣ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ዘልቀው ይገቡበታል፤ ሰውነቱ ይቆጣል፤ የሊምፍ ቧንቧዎቹ ይጎዳሉ፤ እግሩ ያብጣል፤ ቆዳው ይሻክራል፤ በየጊዜው በሚነሣበት ትኩሳትና ሥቃይ ከሥራ ይውላል።

የበሽታው ስፋት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በ2013 በመላ አገሪቱ ከተደረገው ቅኝት በመነሣት የተሠራው ስሌት በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች በዚህ በሽታ እንደሚሠቃዩ፣ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብም ለበሽታው በሚመች መሬት ላይ እንደሚኖር አሳይቷል። ቀደም ሲል በ2006 የወጣ ጥናት ደግሞ የወላይታ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ሳለ በሽታው በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያከስረው፣ በሽተኛው ገበሬም ከሥራ ቀኖቹ 45 ከመቶውን እንደሚያጣ አስልቷል። ይህ ሁሉ ጥፋት የሚመጣው መድኃኒት ስላልተገኘለት አይደለም። መከላከያው ጫማ ነው፤ ለታመመው እግር ማስታገሻው ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውና በ2018 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ይህ ቀላል የእግር እንክብካቤ ብቻውን ሕመሙ የሚነሣበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ከእብጠቱ ይልቅ የሚያቆስለው ግን የሰው ፊት ነው። በሽተኛው ከጋብቻ ይገለላል። እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እግራቸው ጤነኛ የሆነ እኅትና ወንድሞቹም «በዘራቸው አለባቸው» ተብለው ይታለፋሉ። በመንደሩ ዓይን በሽታው በአንድ ሰው እግር ላይ የታየ የአንድ ቤት ነውር ነው። እንግዲህ ሳይንስ በዚህ መንደር መካከል ገብቶ «አዎን፣ ነገሩ ከጂን ጋር ግንኙነት አለው» ቢል ምን ይከተላል?

ሳይንስ በእርግጥ ይህንኑ ብሏል። በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ፣ ሁለቱም በባዶ እግር ከሚያርሱ ጎረቤታሞች አንዱ ሲታመም ሌላው በጤና የሚያረጀው ለምንድን ነው? በ2007 ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ በወላይታ 59 ቤተሰቦችን መርምረው፣ የታመመ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ከሌላው አምስት ጊዜ ያህል ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን፣ የበሽታው ተወራሽነትም 63 ከመቶ ያህል መሆኑን ገለጡ። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና የሥራ ጓዶቹ የ194 በሽተኞችንና የ203 ጤነኞችን ደም አነጻጽረው፣ ልዩነቱ «ኤች ኤል ኤ» በሚባሉት ጂኖች ዙሪያ መሆኑን ደረሱበት። እነዚህ ጂኖች የሰውነት ዘበኞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከውጭ የገባውን ባዕድ ነገር ይዘው ለተከላካይ ሕዋሳት የሚያሳዩ ናቸውና። ስለዚህም በሽታው የደም መበላሸት ሳይሆን ዘበኛው በአፈሩ ላይ ከልክ በላይ መቆጣቱ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ቁጥር እንመርምር። «63 ከመቶ ተወራሽ ነው» ሲባል ብዙዎቻችን የምንረዳው ከበሽታው ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ከደም፣ የቀረው ከአፈር ይመጣል ብለን ነው። ይህ ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚለካው በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ ሰው ከሰው የሚለያይበትን ምክንያት ነው። አንድ መንደር እናስብ። ነዋሪው ሁሉ ባዶ እግሩን ነው። አፈሩ ለሁሉም እኩል ስለሆነ፣ በታመመውና ባልታመመው መካከል የሚቀረው ልዩነት በአብዛኛው የደም ይሆናል፤ ተወራሽነቱም ከፍ ይላል። የመንደሩ እኩሌታ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያድርግ። ያን ጊዜ ዋናው ልዩነት የጫማ ይሆናል፤ ተወራሽነቱም ይወርዳል። ሁሉም ጫማ ቢያደርግ በሽታው ከነቁጥሩ ይጠፋል። በዚህ ሁሉ መካከል የማንም ሰው ጂን አልተለወጠም። እንግዲህ ስለ ደም ብቻ የሚናገር የመሰለን ቁጥር ስለ ጫማም ይናገር ነበር ማለት ነው። እጦት ለሁሉም እኩል በሆነበት አገር የተፈጥሮ ልዩነት ጎልቶ ይታያል፤ እጦቱ ግን ዓይን ስለለመደው አይታይም።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ፖዶኮኒዮሲስ በአንድ ወቅት በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ይገኝ ነበር። ጫማ የዕለት ተዕለት ልብስ ሲሆን ጠፋ። የስኮትላንድ ገበሬ ደሙን አልቀየረም፤ የተቀየረው ኑሮው ነው።

ስለ ሥጋ ደዌም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ታሪኩም አሁን ከምንኖርበት አገር ጋር ይገናኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን በኖርዌይ ታላላቅ ሐኪሞች ሥጋ ደዌ በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። በ1873 ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ አገኘ፤ የዘር እምነት ግን ወዲያው አልተሸነፈም። በ1888 ሃንሰን ባሕር ተሻግሮ ወደነዚህ ግዛቶች፣ ወደ ሚኒሶታ፣ ወደ ዊስኮንሲንና ወደ ዳኮታ መጣ። የመጣውም ከበሽታው ጋር ከኖርዌይ የተሰደዱትን ሰዎች ዘሮች ለማየት ነበር። በሽታው በደም የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ስደት አያስቀረውም ነበር። ሃንሰን ካያቸው ዘሮቻቸው መካከል ግን አንድም ታማሚ አላገኘም። ስደተኞቹ ይዘው የመጡት ያንኑ ደም ነበር፤ ትተው የመጡት ጠባቡን ጎጆና ጉስቁልናውን ነው። የዚህ ሰው ስም ዛሬ በአዲስ አበባ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። የኋላ ዘመን ምርምር ለሥጋ ደዌም የሚያጋልጡ ጂኖች እንዳሉ አሳይቷል፤ ይህ ግን የሃንሰንን ምስክርነት አያፈርስም። መጋለጥ ሌላ ነው፤ መታመም ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት የሳተ ሰው ምን ያህል ጥፋት ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ከሚኒያፖሊስ መውጣት አያስፈልገንም። ቻርልስ ፍሪሞንት ዳይት የሚባል ሐኪም ነበር። በ1914 በሶሻሊስትነቱ ተመርጦ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ለከተማው ሕዝብ የሚቀርበው ወተት በሙቀት ከጀርም የጸዳ እንዲሆን ተሟግቶ ተሳካለት። ይኸው ሰው በ1923 የሚኒሶታን የዩጀኒክስ፣ ማለት ዘርን የማጥራት፣ ማኅበር አቋቋመ። በብርቱ ውትወታውም በ1925 በመንግሥት ተቋማት የሚኖሩ «አእምሮ ደካሞች» የሚባሉ ሰዎችና የአእምሮ ሕሙማን እንዲመክኑ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ከ2,300 በላይ ሰዎች መከኑ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በሕጉ ላይ የፈቃድ ቃል ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ ከተቋሙ በር ለመውጣት ሌላ መንገድ የሌለው ሰው የሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው? በ1933 ዳይት ለሂትለር የአድናቆት ደብዳቤ ጻፈ። በ1938 ሲሞት ሀብቱን ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አወረሰ፤ በ1941ም በስሙ የሰው ጄኔቲክስ ኢንስቲትዩት ተከፈተ።

ይህን ታሪክ ክፉ ሰው ክፉ ሠራ ብሎ ማለፍ ለእኛ ለተማሪዎች በቂ ትምህርት አይሰጥም። ዳይት ስለ ድሆች ልጆች ወተት ያሰበ ሰው ነበር። ንጽሕናን በወተት ውስጥ ሲፈልግ ሕይወት አዳነ፤ ንጽሕናን በሰው ውስጥ ሲፈልግ ሕይወት አመከነ። በመጀመሪያው ጊዜ የጠየቀው «ከሰው ዙሪያ ምን እናስተካክል?» ብሎ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ የጠየቀው «ከሰዎች መካከል ማንን እናስቀር?» ብሎ ነው። ተራማጅ መባል ከዚህ ስሕተት አያድንም። ሕዝብን እንወዳለን የሚሉ ሰዎች የሕዝቡን ክፍል እንደ አረም ማየት ሲጀምሩ ምን እንደሚደርስ የእኛም ትውልዶች ያውቁታል።

ይሁን እንጂ ከዚያው ኢንስቲትዩት የተለየ ሐሳብም ወጣ። በ1947 ዲሬክተሩ ሼልደን ሪድ «የጄኔቲክስ ምክር» የሚለውን ስያሜ ፈጠረ። ስለ ዘር ውርስ ለሚጠይቅ ቤተሰብ እውነቱን አስረድቶ ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው ማለት ነው። ዳይት በራሱ ላይ የማይደርስ ትእዛዝ አስተላልፎ ነበር፤ ምክር ግን ውሳኔውን ኑሮው ለሚነካው ሰው ይመልሳል። በደቡብ ሚኒያፖሊስ በዳይት ስም ይጠራ የነበረው ጎዳናም በቅርብ ዓመታት ተሽሮ፣ ከከተማው የመጀመሪያዎቹ ጥቁር የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንዱ በነበረው በጆን ቺተም ስም ተሰይሟል።

በወላይታ ከበሽታው ጋር የተያያዙት እነዚያው የኤች ኤል ኤ ጂኖች በዚህ ከተማ ሌላ ሥራም አላቸው። በ1968 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ጉድና ባልደረቦቹ ከእኅት ለወንድም የተለገሰ የአጥንት መቅኔ በተሳካ ሁኔታ ተከሉ። ለጋሽና ተቀባይ የሚገጣጠሙት በኤች ኤል ኤ ምልክት ነው። ዛሬ የአገሪቱ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው። መዝገቡ እንደሚገልጸው ከቤተሰቡ ውጭ የሚገጥመውን ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለነጭ በሽተኛ 79 ከመቶ ሲሆን ለጥቁር በሽተኛ 29 ከመቶ ብቻ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የአፍሪካ ሕዝቦች የጂን ልዩነት ከሁሉም የሰፋ መሆኑ ነው፤ ሌላው ከእኛ ወገን የተመዘገበው ለጋሽ ማነሱ ነው። የመጀመሪያውን ምክንያት ተፈጥሮ አደረገችው፤ ሁለተኛው የእኛ ነው። ከ18 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ላለው ሰው ምዝገባው የጉንጭን ውስጥ በጥጥ ከመጥረግ አያልፍም። እንግዲህ ያው ምልክት በአንድ መንደር ሰውን ከጋብቻ ማግለያ፣ በሌላ ከተማ የማይተዋወቁ ሰዎችን በመቅኔ ማዛመጃ ይሆናል። ምልክቱ ራሱ የሚናገረው የለም፤ የሚናገሩት ሰዎች ናቸው።

አንዳንድ ወገኖች «ነገሩ ሁሉ የድህነት ነው፤ ጂን የሚባለው ወሬ ሕዝቡን ከእውነተኛው ጥያቄ ለማዘናጋት ነው» ይሉ ይሆናል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ግን እውነቱን ይቀንሳል። ድህነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ በባዶ እግሩ የሄደ ሁሉ በታመመ ነበር። የጂኑ ዕውቀት መንደሩን የሚጠቅምበት መንገድ አለ። በሽተኛው እንዳልተረገመ፣ ኃጢአቱም እንዳልተከፈለው፣ ሰውነቱ ለአንድ አፈር ብቻ ተቆጪ መሆኑን ያስረዳዋል። የታመመች እናት ልጇን ከመጀመሪያ እርምጃው ጀምሮ ጫማ እንድታደርግለት ምክንያት ይሰጣታል። በአንጻሩ «በዘር ነው» የሚለው ጎዶሎ ዕውቀት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የታመመው ቤት «ጫማ ምን ሊረባን» ይላል፤ ያልታመመው ቤት «እኛ ንጹሓን ነን» ብሎ በባዶ እግሩ ይቀጥላል። ለቸልተኛ ባለሥልጣንም ማምለጫ ይሰጠዋል፤ በተፈጥሮ የተጻፈ ነገር በጀት አያስፈልገውምና።

ሌሎች ደግሞ «እንግዲያው ደሙን መርምረን ለተጋለጠው ብቻ ጫማ እንስጥ፤ ገንዘብ ይቆጠባል» ይሉ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ከዳይት ሐሳብ እጅግ የራቀ ነው፤ ሊያድን የታሰበ ነውና። ነገር ግን ለአንዱ ቤት ልጆች ብቻ የተሰጠ ጫማ በእግር ላይ የታሰረ ምልክት ይሆናል፤ የሚያደርገው ልጅ ሁሉ «የዚያ ቤት ልጅ» ተብሎ ይጠቆማል። ጫማ ከአፈር ብቻ ሳይሆን ከሚስማርና ከእሾህም ይጠብቃል፤ ለሁሉም የሚገባውን ነገር ለመስጠት የደም ማስረጃ መጠየቅ መብትን ወደ ምጽዋት መለወጥ ነው። ለተጎዳው ቀድሞ መድረስ ተገቢ ነው፤ ለተጎዳው ብቻ መድረስ ግን ሌላ ነገር ነው።

የደሙ ባለቤትነትም ሊዘነጋ አይገባም። በወላይታ የጂኑ ጥናት ሲዘጋጅ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው የሕዝቡን ሐሳብ ጠይቀው፣ ጥናቱ የበሽታውን የቤተሰብ ውርስ አደባባይ አውጥቶ መገለሉን እንዳያብስ ሰው እንደሚሰጋ ተረድተው ነበር፤ ይህም በ2009 ታትሟል። በ2011 ደግሞ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአራስ ሕፃናት የሚወሰደው የደም ናሙና የጂን መረጃ በመሆኑ ያለ ፈቃድ ለሌላ ጥቅም ሊውል እንደማይገባ ወሰነ። የሴንት ፖል እናትና የሶዶ እናት ያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከእኔ የተወሰደው ደም ስለ እኔ ምን ይናገራል? ለማንስ ይናገራል?» የመጀመሪያዋ ፍርድ ቤት አላት። ሁለተኛዋ ያላት የተመራማሪው ሕሊና ነው። ሕሊና ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሕግን አይተካም።

በስደት ላለነው ጥያቄው ሩቅ አይደለም። በዚህ አገር ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ በቅድሚያ የሚሰጠን ቅጽ አባታችን በምን በሽታ እንደሞተ ይጠይቃል። ከመካከላችን አባቱ በእስር ቤት የቀረበት አለ፤ በጦር ሜዳ የወደቀበት አለ፤ በመንገድ ላይ የጠፋበት አለ። የልብ ሕመም ወይም ስኳር ይኑርበት አይኑርበት ለመታወቅ ሰው በመጀመሪያ አርጅቶ ለመሞት መታደል አለበት። ከቅጹ ላይ ባዶ የሚቀረው መስመር የደማችን ምስጢር አይደለም፤ የታሪካችን ነው። ይህን የምናውቅ ሰዎች በየቤታችን ሠርግ ሲታሰብ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለውን አሮጌ ጥያቄ ሳንመረምረው ብንደግመው ግን ትምህርታችን ከቆዳችን አልዘለቀም ማለት ነው።

የጽሑፋችን መደምደሚያ ይህ ነው። ሰው የተለያየ ደም ይዞ መወለዱ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። መጋለጥን ወደ በሽታ፣ በሽታን ወደ ነውር፣ ነውርን ወደ መገለል የሚያሸጋግረው ግን የደሙ ልዩነት ሳይሆን የኑሮው አደረጃጀት ነው። ስለዚህ ሞለኪውላዊ ምልክት በአንድ ሰው ላይ ሲታወቅ የሚጨምረው በበሽተኛው ላይ ያለው ፍርድ ሳይሆን በቀረነው ላይ ያለው ዕዳ ነው። ማን ሊጎዳ እንደሚችል ሳያውቅ የተወ ኅብረተሰብ አላወቅሁም ሊል ይችላል፤ አውቆ የተወ ግን ይህን ማመካኛ አጥቷል። የ2012ቱ ግኝት ከታወቀ ወዲህ በቀይ አፈር ላይ ስለሚሄድ ባዶ እግር «ዘሩ ነው» ማለት አይቻልም። የሚቻለው ጫማው የት እንደቀረ መጠየቅ ነው።